ሁለት እሑዶችና አንድ የመኪና መንገድ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የአንድ ዓመት ታሪክ ልተርክላችሁ ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 1969 ነው፤ በእኛ ሲቆጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1961 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1962 ዓ.ም. ይውላል። ቀኖቹን በእኛው አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ያ ዓመት በተነሣ ቁጥር የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ጨረቃ ይሮጣል። አይፈረድበትም፤ ሰው ጨረቃን የረገጠው ያኔ ነው። የእኔ ትረካ ግን ከጨረቃ በታች ስላለው ሰማይ ነው። በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከዚያ ድረስ ከተሠራው የመንገደኛ አውሮፕላን ሁሉ የሚተልቀው በረረ። ከድምፅ ይፈጥናል የተባለለትም በረረ። ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚያርፍ ተዋጊ ጄት ሥራ ጀመረ። ኤርባስ የተወለደበት ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት፣ እዚሁ በአፍሪካችን፣ ወተትና ደረቅ ዓሣ የጫኑ አሮጌ አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት በመኪና መንገድ ላይ ያርፉ ነበር።

ስለ አውሮፕላን ስናወራ የሚቀናን ምን ያህል ይፈጥናል፣ ምን ያህል ከፍ ይላል ብሎ መጠየቅ ነው። ያ ዓመት ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ማንን ይዞ ነው የሚበረው? ለምንስ? ትረካዬን ስትሰሙ ይህቺን ጥያቄ ልብ በሉልኝ።

ጥር 27 ቀን 1961። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ የኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አንገቱ የረዘመ፣ ስድስት ሞተር የተገጠመለት ቦምብ ጣይ ከመንደርደሪያው ተነሣ። ስሙ ኤክስቢ 70 ቫልኪሪ ይባላል። አሜሪካ ይህን አውሮፕላን ያሰበችው የኑክሌር ቦምብ ተሸክሞ በድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ እየበረረ ሶቪየት ኅብረት እንዲደርስ ነበር። እሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ግን የዓለም ነገር ተለወጠ፤ ሚሳይሉ በረከተ፣ ከፍ ብሎ መብረርም ከመመታት የማያድን ሆነ። ከተሠሩት ሁለቱ አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት አየር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ወድቋል። የቀረው አንዱ ያን ቀን የበረረው ወደ ጦር ግንባር ሳይሆን ወደ ዴይተን ኦሃዮ፣ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ወዳበረሩት ወደ ራይት ወንድማማቾች አገር ነው። እዚያ ሙዝየም ይጠብቀዋል። አብራሪው ፊትዝ ፉልተን ከወረደ በኋላ የበረራ መዝገቡን ለሙዝየሙ ሰዎች አስረከበ። በዘመኑ ከሚበርሩት ግዙፍ አውሮፕላኖች ሁሉ ፈጣኑ የነበረው ቫልኪሪ አንድም ቀን ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ጡረታ ወጣ። ዓመቱ ገና መጀመሩ ነበርና ይህ ነገር እንደ ምልክት ነበር፤ ምልክቱን ያስተዋለ ግን ብዙ አልነበረም።

ከአምስት ቀን በኋላ እሑድ ሆነ፤ የካቲት 2 ቀን። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኤቨረት በምትባል ከተማ ሕዝብ አጥር ይዞ ቆሟል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሚያየው ቦይንግ 747ን ነው። ርዝመቱ 70 ሜትር፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ገደማ ነው። እንዴት ተፀነሰ? የፓን አሜሪካን አየር መንገድ አለቃ ኹዋን ትሪፕ ትኬት እንዲረክስና ተርታው ሰው ሁሉ እንዲሳፈር ፈለገ። በ1966 እ.ኤ.አ. ገና በወረቀት ላይ ያለውን አውሮፕላን 25 ብሎ አዘዘ፤ ዋጋውም 525 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቦይንግ ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ያለ የሌለ ገንዘቡን አፈሰሰበት፤ ጫካ አስመንጥሮ በይዘቱ ዓለም ላይ አቻ ያልነበረው ፋብሪካ ማሠራት ጀመረ። ፋብሪካውና አውሮፕላኑ ጎን ለጎን ነው የተሠሩት፤ ሠራተኛው ጣሪያው ገና ሳያልቅ ከሥሩ ክንፍ ይገጥም ነበር።

የመሐንዲሶቹ አለቃ ጆ ሰተር ይባላል። መጀመሪያ የተፈለገው ባለ ሁለት ፎቅ ረጅም አውሮፕላን ነበር፤ ሰተርና ባልደረቦቹ ግን ሰፊ ወለል ያለው፣ በመሐሉ ሁለት መተላለፊያ የሚያልፍበት ይሻላል ብለው ተሟገቱ፤ ረቱም። ታዲያ አናቱ ላይ ያለው ያ እንደ በሬ ሻኛ ከፍ ያለው ነገር ከየት መጣ? ይህን በደንብ ስሙኝ። በዚያን ዘመን አውሮፕላን የሚሠሩትም የሚገዙትም የነገው መንገደኛ ከድምፅ በሚፈጥን ጄት እንደሚሄድ አልተጠራጠሩም። 747 ጥቂት ዓመት ሰው ካመላለሰ በኋላ ወደ ጭነት እንደሚዞር ነበር ግምታቸው። ለጭነት ደግሞ አፍንጫው ተከፍቶ ዕቃ በቀጥታ መግባት አለበት። አፍንጫው እንዲከፈት የአብራሪዎቹ ክፍል ከላይ ተቀመጠ፤ ሻኛውም በዚሁ ምክንያት ወጣ። እንዲያው ነገሩን ስታዩት፣ 747 ገና ሳይወለድ ወንበሩን ለሌላ እንዲለቅ ተፈርዶበት ነበር።

አብራሪው ጃክ ዋዴል ነው፤ ረዳቱ ብሪየን ዋይግል፣ የበረራ መሐንዲሱ ጄስ ዋሊክ። አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ከመሬት 9 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ ላይ ሆኖ መሬት ላይ መንዳት እንግዳ ነገር ስለነበረ አስቀድመው በጭነት መኪና ላይ ረጅም የብረት ማማ ሠርተው፣ በጫፉ የአብራሪ ክፍል አስመስለው ገጥመው፣ እሱ ላይ ተቀምጠው መታጠፍ ይለማመዱ ነበር። እሑድ ረፋዱ ላይ ዋዴል አራቱን ሞተሮች ለቀቃቸው። ያ ሁሉ ግዝፈት ከመሬት ተላቀቀ። በረራው መሐል ላይ በቀኝ ክንፍ ያለው ፍላፕ ትንሽ ስላስቸገረ ሙከራውን አሳጥረው ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ በሰላም አረፉ። ችግር አልጠፋም፤ አዲሱ ሞተር በየጊዜው እያስቸገረ ዓመቱ ሲያልቅ ሞተር ያልደረሰላቸው 747ዎች በሞተሮቹ ምትክ የሲሚንቶ ብሎክ ተንጠልጥሎባቸው ተደርድረው ይታዩ ነበር። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል። ከዚያ ወዲያ ውቅያኖስ ማቋረጥ የባለጸጋ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አሁንም እሑድ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1961። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ 73ኛውን የዓድዋ ድል በዓል በምታከብርበት በዚያው ዕለት ደቡብ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ላይ ኮንኮርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ቀኑን የሚረሳ ኢትዮጵያዊ አይኖርም ብዬ ነው። አንድሬ ቱርካ መሪውን ይዟል። ብርሃን የመሰለ ነጭ አካል፣ ጅራት አልባ፣ ክንፉ ከአንገቱ ጀምሮ እየሰፋ የሚወርድ። አፍንጫው ረጅም ስለሆነ ሲያርፍ መንደርደሪያውን እንዳይጋርድበት ወደ ታች ይዘነበላል፤ ከፍ ሲል ተመልሶ ይቀናል። ፈረንሳይና እንግሊዝ በ1962 እ.ኤ.አ. ተዋውለው፣ ገንዘብና ዕውቀት አዋጥተው የሠሩት ነው። ያን ቀን የበረረው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ፣ ከድምፅ በታች፣ ቀስ ብሎ ነበር። የመጀመሪያ ልጁን ዳዴ ሲል እንደሚያይ ወላጅ ሁለት አገር ትንፋሹን ውጦ ተመለከተው።

እንግሊዞችም የራሳቸውን ሚያዝያ 1 ቀን አበረሩ፤ አብራሪው ብራያን ትራብሾ ነበር። ያን ዕለት የሆነውን ነገር አብራሪዎች ዛሬም ያነሡታል። ለማረፍ ሲቃረብ ሁለቱም የሬዲዮ ከፍታ መለኪያዎች ሥራ አቆሙ። ኮንኮርድ ሲያርፍ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ስለሚያደርግ አብራሪው ጎማው መሬት በሚነካበት ጊዜ እንኳ ከመሬት ብዙ ሜትር ርቆ ነው የሚቀመጠው። ትራብሾ በዓይኑ ለክቶ፣ በእጁ ተማምኖ አሳረፈው። መስከረም 21 ቀን 1962 ደግሞ የፈረንሳዩ ኮንኮርድ የድምፅን ፍጥነት አለፈ። ሲቀጥልም በሁለት እጥፍ በረረ፤ በዚያ ፍጥነት አየሩ ራሱ እየፈተገው አካሉ ስለሚግል ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ ነበር። ዋጋውስ? ለ100 መንገደኛ 95 ቶን ገደማ ነዳጅ ይሸከማል፤ በሚያልፍበት ሁሉ ምድር ላይ የመድፍ ያህል ጩኸት ይለቃል።

የጦሩም ሰማይ ሥራ አልፈታም። መጋቢት 23 ቀን ሃሪየር የተባለው ተዋጊ ጄት የእንግሊዝ አየር ኃይልን ተቀላቀለ። የሞተሩን ግፊት በአራት አፈሙዝ ወደ ታች እየመራ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ አፈሙዙን ወደ ኋላ ሲያዞር እንደ ማንኛውም ጄት ይበራል። አልኮክና ብራውን የተባሉት አብራሪዎች አትላንቲክን ሳያርፉ ያቋረጡበትን 50ኛ ዓመት ለማሰብ ከሚያዝያ 26 እስከ ግንቦት 3 ቀን የለንደን ኒውዮርክ የአየር ውድድር ተደርጎ ነበር። የአየር ኃይሉ መኮንን ቶም ሌኪ ቶምሰን ሃሪየሩን ከየት ያስነሣው መሰላችሁ? ለንደን መሐል፣ ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ፣ ከድንጋይ ከሰል ማራገፊያው ግቢ! የከሰሉ አቧራ ጥቁር ደመና ሆኖ ሠፈሩን ሸፈነው። አየር ላይ ነዳጅ እየተቀዳለት ማንሃተን ደረሰ፤ ውድድሩ ከሚጀመርበት ሕንጻ እስከሚፈጸምበት ሕንጻ የፈጀበት 6 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። አልኮክና ብራውን ያንኑ ባሕር 16 ሰዓት ገደማ ሲታገሉት አድረው ነበር።

ግንቦት 21 ቀን ደግሞ በፓሪስ የአየር ትርኢት፣ ለ ቡርዤ ላይ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ተፈጸመ። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ዣን ሻማንና የጀርመኑ ሚኒስትር ካርል ሺለር ለናሙና በተሠራ የአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተቀምጠው ፈረሙ። የፈረሙት ኤርባስ ኤ300 የተባለውን፣ ሰፊ ወለልና ሁለት ሞተር ብቻ ያለውን አውሮፕላን በጋራ ለመሥራት ነው። እንግሊዝ ቀደም ብላ ከውሉ ወጥታ ነበር። በትርኢቱ የሰው ዓይን ያረፈው በኮንኮርድና በ747 ላይ ነበር፤ ያንን ናሙና ማን ያየዋል!

አሁን ከፓሪስ እንውጣ። ወደ አህጉራችን ልመልሳችሁ፤ የትረካዬም ልብ ያለው እዚህ ነው።

ናይጄሪያ በእርስ በርስ ጦርነት ሦስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። በምሥራቅ በኩል ቢያፍራ ብላ ራሷን የሰየመችው ክፍል በየብስም በባሕርም ተከባለች። እህል አይገባም። ሆዳቸው የተነፋ፣ ፀጉራቸው የቀላ ሕፃናት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥቷል። በዚያ ጦርነትና ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ ሦስት ሚሊዮን ይገመታል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉዳዩን የሚከታተል ኮሚቴ አቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ መጥተው ተነጋግረዋል፤ አልተስማሙም።

ወደ ቢያፍራ የቀረው መግቢያ አንድ ነው፤ ሰማዩ። ኡሊ በሚባል ቦታ የአስፋልት አውራ ጎዳና ነበረ። መንገዱን ከግራና ቀኝ ትንሽ አስፍተው፣ ዛፉን ቆርጠው፣ መብራት ደርድረው አየር ማረፊያ አደረጉት። ከሳኦ ቶሜና ከፈርናንዶ ፖ ደሴቶች የቤተ ክርስቲያናትና የቀይ መስቀል አውሮፕላኖች ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሣሉ። ዓይነታቸው ዲሲ 6፣ ዲሲ 7፣ ሱፐር ኮንስቴሌሽን ነው፤ የዓለም አየር መንገዶች ጄት ሲገዙ የጣሏቸው ባለ ፕሮፔለሮች ናቸው። የኖርዌይ ደረቅ ዓሣ፣ የዱቄት ወተት፣ ጨው፣ መድኃኒት ይጭናሉ። መብራታቸውን አጥፍተው በጨለማ ይመጣሉ። ከላይ የፌዴራሉ መንግሥት ቦምብ ጣይ ያንዣብባል። አብራሪው ሲቃረብ በሬዲዮ ይጠይቃል፤ የመንደርደሪያው መብራት ለጥቂት ቅጽበት ቦግ ይላል፤ እሱም በዚያች ቅጽበት አቅጣጫውን ይዞ ይወርዳል፤ መብራቱ ይጠፋል። ወዛደሩ በጨለማ ከረጢቱን በጀርባው እያወረደ፣ አውሮፕላኑም ሳይነጋ ለመመለስ እየተጣደፈ። ሲመለስ ባዶውን የማይሄድበት ጊዜ ነበር፤ በረሃብ የደከሙ ሕፃናት ይሳፈሩበታል፤ ጋቦንና ሳኦ ቶሜ ተወስደው ይታከማሉ። የቤተ ክርስቲያናቱ ኅብረት ብቻ በጦርነቱ ዘመን ከ5,000 በላይ በረራ አድርጓል። በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ አብራሪዎች ብዙ ናቸው።

በዚህ መሐል የምናውቀው ሰው ይመጣል። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይባላል፤ የስዊድን መኳንንት ልጅ ነው። ከቢያፍራው በፊት የቀደመውን ልንገራችሁ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ በትንሽ አውሮፕላን ቁስለኛ አመላልሷል፤ በሕዝባችን ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ የሚያደርገውን በዓይኑ አይቷል። ከድል በኋላ ተመልሶ መጥቶ ለአሥር ዓመት ገደማ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጅቷል፤ ቢሾፍቱ ላይ የመጀመሪያዎቹን አብራሪዎቻችንን ካሠለጠኑት ስዊድናውያን ፊታውራሪው እሱ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገብቷል።

ይህ ሰው በ1960 ዓ.ም. ክረምት ዕርዳታ የጫነ ዲሲ 7 ይዞ፣ የዛፍ ጫፍ እየነካ ዝቅ ብሎ ቢያፍራ ገባ። ያየው ነገር አላስተኛውም። ወተት ማመላለሱ ብቻውን በቂ መስሎ አልታየውም፤ አውሮፕላኖቹን የሚያሳድዷቸውን ጄቶች ካልመታኋቸው አለ። ኤምኤፍአይ 9 የሚባሉ አምስት የስዊድን አውሮፕላኖች ገዛ። እንግዲህ አውሮፕላን ስላችሁ ጄት እንዳይመስላችሁ። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ተማሪ የሚለማመድበት ነገር ነው። በየክንፉ ሥር የሮኬት ማስወንጨፊያ አስገጠመ፤ የጫካ ቀለም ቀባቸው። ግንቦት 14 ቀን 1961 የ59 ዓመቱ ካውንት ራሱ እየመራቸው፣ ሣር ለሣር በርረው ፖርት ሃርኮርት አየር ማረፊያ ደረሱ። መሬት ላይ በቆሙት የጦር አውሮፕላኖች ላይ ሮኬታቸውን ተኩሰው ተመለሱ። በተከታዮቹ ቀናት ቤኒንና ኤኑጉን መቱ። የአፍሪካን አስታራቂ ኮሚቴ የሚመሩትን ንጉሥ አየር ኃይል ያደራጀው ሰው ከተዋጊዎቹ አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ምን መጣ? ግንቦት 28 ቀንን ያዙልኝ። ያን ዕለት በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ቱፖሌቭ 144 የድምፅን ፍጥነት አለፈ፤ ከድምፅ እንዲፈጥኑ ከተሠሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች የመጀመሪያው ሆኖ ኮንኮርድን ቀደመው። የዓለም መሐንዲሶች አጨበጨቡ። በዚያው ዕለት በናይጄሪያ ሰማይ ላይ ዕርዳታ ጭኖ ወደ ቢያፍራ የሚበርር የቀይ መስቀል ዲሲ 7 በሚግ 17 ተመትቶ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት ሁሉ አለቁ። ቀይ መስቀል በረራውን አቆመ። አንድ ቀን ነው፤ አንድ ሰማይ ነው። በአንድ በኩል የሰው ብልኀት ከድምፁ ቀደመ፣ በሌላው በኩል ያው ብልኀት እህል የያዘውን አውሮፕላን አቃጠለ። እኔ የዚያን ዓመት የአቪዬሽን ታሪክ ሳነብ ከጨረቃውም ከኮንኮርዱም ይልቅ የሚያስቆመኝ ይህ ቀን ነው።

ጨረቃንም ሳላነሣ አላልፍም። ሐምሌ 13 ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ኒል አርምስትሮንግ መንኮራኩሩን በእጁ እየመራ ጨረቃ ላይ አሳረፈ። ይህ ሰው በኮርያ ጦርነት የተዋጋ፣ በኋላም የሙከራ አብራሪ ሆኖ የኖረ የአውሮፕላን ሰው ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 እ.ኤ.አ. ካበረሩት አውሮፕላን የተወሰደ የፕሮፔለር እንጨት ቁራጭና የክንፍ ጨርቅ ቅዳጅ ይዞ ሄዶ ነበር። ከመጀመሪያው በረራ እስከ ጨረቃ 66 ዓመት፤ አንድ ሰው ተወልዶ ሁለቱንም ለማየት የሚበቃበት ዕድሜ ነው።

ዓመቱ የጠለፋም ዓመት ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ80 በላይ የአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ተደርጓል። ነሐሴ 23 ቀን ሌይላ ኻሊድ የተባለች የ25 ዓመት ፍልስጤማዊት ከጓደኛዋ ጋር ሆና ከሮም የተነሣ ቦይንግ 707 ጠልፋ፣ በተወለደችበት በሃይፋ ሰማይ ላይ አዙራ ደማስቆ አሳረፈችው፤ መንገደኞቹ ከወረዱ በኋላ የአብራሪዎቹ ክፍል በፈንጂ ወደመ። የእኛም አየር መንገድ አልተረፈም። መጋቢት 2 ቀን ፍራንክፈርት ላይ በቆመ ጄቱ ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ፤ ሰኔ 11 ቀን ካራቺ ላይ ሌላ ጄቱ በታጣቂዎች ተመታ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1962 ደግሞ ከማድሪድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ሊጠልፉ የተነሡ ሁለት ሰዎች በጥበቃዎቹ ተገደሉ። በዘመኑ ጀብሃ ይባል የነበረው የኤርትራ ግንባር ትግሉን ወደ አየር ማረፊያ ያወጣበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ቦሌም ሆነ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ቦርሳ አስፈትሸን የምናልፍበት ሥርዓት ከእነዚያ ዓመታት የወረስነው ነው። ሁሉም ሰው መሳፈር በጀመረበት ሰዓት ሁሉም ሰው መያዣ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ።

ታኅሣሥ 14 ቀን አሜሪካ የኤፍ 15ን ሥራ ለማክዶኔል ዳግላስ ኩባንያ ሰጠች፤ ከስምንት ቀን በኋላ ዓመቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የት ደረሰ?

ኮንኮርድ በ1968 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። መንገደኛ ያገለገሉት 14 ብቻ ናቸው። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ ሲነሣ ወድቆ 113 ሰው አለቀ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሥራውን ፈጽሞ አቆመ። ለኮንኮርድ ወንበሩን እንዲለቅ የተፈረደበት 747 ግን 1,574 ሆኖ ተሠራ፤ የመጨረሻው ለባለቤቱ የተሰጠው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተማሪውን፣ ስደተኛውን፣ ሐጅ ሄያጁን፣ ዘመድ ጠያቂውን አመላለሰ። ማንም ልብ ያላለው የለ ቡርዤ ናሙናስ? ሁለት ሞተር፣ ሰፊ ወለል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2008 ዓ.ም. ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 የዚያ ውል የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ ሚዛኑን እዩት፤ ፈጣኑ ሙዝየም ገባ፣ ብዙ ሰው የያዘው ኖረ።

ካውንት ቮን ሮዘንስ? ቢያፍራ በጥር 1962 እጅ ሰጠች። እሱ ግን ወደ እኛ ተመለሰ። ወሎን የፈጀውን ድርቅ በተከተሉት ወራት መንገድ የማይደርስባቸውን ቦታዎች በትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች መድረስ ይቻላል ብሎ መጣ። አውሮፕላኖቹ የእነዚያ የቢያፍራዎቹ ታናሽ ወንድሞች ናቸው። ክንፋቸው ሥር፣ ሮኬት ይታሰርበት በነበረው ቦታ፣ የእህል ከረጢት ታሰረ። አብራሪው ገደሉን ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከረጢቱን መንደሩ ዳር ይጥላል። በዚሁ የዕርዳታ ሥራ ኦጋዴን ሳለ፣ ጎዴ በሶማሊያ ታጣቂዎች ስትጠቃ ተገደለ። ቀኑ ሐምሌ 6 ነው፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር 1969።

ቮን ሮዘንን ጀግና የሚለው አለ፣ ቅጥረኛ የሚለውም አለ። እኔ የማየው አንድ አብራሪ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይነት ክንፍ ነው፤ ከክንፉ ሥር አንድ ጊዜ ሮኬት፣ አንድ ጊዜ ስንዴ። ክንፉ ሁለቱንም እኩል ተሸከመ። ምርጫው የሰውየው ነበር። ለዚህ ነው የዚያን የፈረንጆች 1969 ታሪክ ለልጆቻችን መተረክ ያለብን። ዛሬ ቢሾፍቱ፣ ቦሌ፣ ሌላም ቦታ ብዙ ወጣቶች መብረርንና ጥገናን እየተማሩ ነው፤ ድሮን እየሠሩ የሚሞክሩም አሉ። ስለ ክንፍ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ፍጥነት የሚያስተምራቸው አያጡም። ከእኛ ከታላላቆቻቸው የሚጠብቁት ሌላውን ነው፤ ምን እንደሚሸከሙና ለማን እንደሚያደርሱ አስቀድመው እንዲጠይቁ፣ መልሱ ደስ ሳይላቸው ሲቀር ደግሞ አልነሣም እንዲሉ ማስተማር። ሙያው ከዚህ ይጀምራል።